ከሆዱ የሚያራግፈው ፉርጎ፦ ሆፐር ከፔንሲልቬንያ ተራራ እስከ ሞዴል ሐዲድ

የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሎኮሞቲቭ ሲያወሩ ይስማማሉ፤ ስለ ከሰል ፉርጎ ሲያወሩ ግን ይከራከራሉ። ሆፐር የሚባለው፣ ከላይ ተሞልቶ ከሆዱ በር የሚያራግፈው ክፍት ፉርጎ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። ጥቁር ነው፣ አቧራ የጠጣ ነው፣ መቶው ተከታትሎ ያልፋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጎኑ፣ በሩና ጽሑፉ የተሠራበትን ዘመን ይናገራሉ። በላዩ የተቆለለው የከሰል ክምር እንኳ ዘመን አለው። ቅርጹ በየጊዜው የተለወጠው አንድ ሰው ስላማረው አይደለም፤ ሕግ፣ ጦርነት፣ ዝገትና የገበያ ውድድር አስገድደውት ነው። ሞዴል ሠሪዎች ይህን ልዩነት ለማየት የዘገዩበትም ምክንያት አለ። በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1827–1860፦ ቁልቁለትና ክብ ብረት

የድንጋይ ከሰልና ሐዲድ የተገናኙት የእንፋሎት ባቡር ከመፈጠሩ በፊት ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ አካባቢ፣ ፈረስ የሚጎትታቸው የእንጨት ፉርጎዎች በሐዲድ ላይ ከሰል ወደ መርከብ ያደርሱ ነበር። ጎናቸው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ወለላቸው በር አለው። በሩ ሲከፈት ከሰሉ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ አካፋ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም። የሆፐር ሐሳብ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚሁ ማሻሻያ ነው።

በአሜሪካ የከሰል ሐዲድ ስሙ የተነሣው በ1827 ነው። በፔንሲልቬንያ፣ ያኔ ሞክ ቸንክ ዛሬ ጂም ቶርፕ በምትባለው ከተማ፣ ከተራራው ማዕድን እስከ ሊሃይ ወንዝ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ሐዲድ ተዘረጋ። ሙሉዎቹን ፉርጎዎች የሚያወርዳቸው ቁልቁለቱ ራሱ ነበር። ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚመልሱት በቅሎዎች ናቸው፤ ለዚህም ሲባል በቅሎዎቹ በየጊዜው በፉርጎ ተሳፍረው ከከሰሉ ጋር ይወርዳሉ። መሳፈሩን ከለመዱ በኋላ በእግራቸው ለመውረድ እምቢ አሉ ተብሎ ይወራል። እውነት ይሁን አይሁን፣ የበቅሎ ጠባይ ለሚያውቅ የሚያስገርም አይደለም።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣው ከባልቲሞር ነው። በዚያ ከተማ ለባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ይሠራ የነበረው ሮስ ዋይናንስ አንድ ችግር አስተዋለ። በአራት ማዕዘን ሣጥን የተሞላ ከሰል ጎኖቹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሣጥኑ እንዳያብጥ በወፍራም ማገር መታሰር አለበት። ማገሩም ራሱ ክብደት ነው፤ ሎኮሞቲቩ ከከሰሉ ይልቅ ፉርጎውን ሲጎትት ይውላል። ዋይናንስ ሣጥኑን ትቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የብረት ጋን የመሰለ ክብ አካል ሠራ። ክብ ነገር ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሸከም ስስ ላሜራ ይበቃዋል። በ1847 የፈጠራ መብት አገኘበት።

ከዚያ ተፎካካሪዎቹ ዴንሚዶች ተነሡ። እነሱ የሠሩት ክብ ሳይሆን ስምንት ጎን ያለው ነበር። «የአንተ ክብ ነው፣ የእኛ ጎን አለው፣ ምን አገናኘን?» የሚል ሙግት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1854 ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ለዋይናንስ ፈረደ። ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ የጻፉት ውሳኔ ይዘቱ ይህ ነው፦ ስምንት ጎን ያለው ፉርጎ ጥቅም የሚሰጠው ለክብ በመቅረቡ ነው፤ ቅርጹን ትንሽ አዛብቶ የሐሳቡን ፍሬ መውሰድ አይፈቀድም። የአሜሪካን የፈጠራ ሕግ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ውሳኔ ዛሬም ያነቡታል፤ ብዙዎቹ ግን ክርክሩ የተነሣበትን ፉርጎ አይተው አያውቁም።

ክቡ ፉርጎ ፍርድ ቤት ቢረታም በሐዲድ ላይ ለዘለቄታው አልረታም። ክብ ጋኖች በአራት ማዕዘን መድረክ ላይ ሲደረደሩ በመካከላቸው የሚባክን ቦታ አለ። እንጨት ደግሞ በዚያ ዘመን አሜሪካ ርካሽ ነበር።

1861–1896፦ የእንጨት ዘመንና ፊደላቱ

የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲፈነዳ የባልቲሞርና ኦሃዮ መስመር ከሁለቱ ጦር መካከል ወደቀ። በዚያው ዓመት በስቶንዎል ጃክሰን የሚመራው የደቡብ ጦር ማርቲንስበርግ ላይ ሎኮሞቲቮችንና በርካታ የከሰል ፉርጎዎችን አቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ የበዛው የእንጨት ሆፐር ነበር፤ እርጥብ ከሰል ያበሰብሰዋል፣ ባቡሩ በረዘመ ቁጥርም ጉተታው መገጣጠሚያውን ያላቅቀዋል።

ለእኛ ትረካ ዋናው ነገር ግን ጽሑፉ ነው። የአንዱ ኩባንያ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ ሲጀምር የማን እንደሆነ፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠግነው፣ ሒሳቡም ለማን እንደሚላክ መታወቅ ነበረበት። በ1867 የየኩባንያው የፉርጎ ግንባታ ኃላፊዎች ማኅበር አቋቁመው መለዋወጫዎችንና አሠራሩን አንድ ማድረግ ጀመሩ። ዛሬ በፉርጎ ጎን የምናነባቸው የባለቤት ፊደላት፣ ቁጥርና ክብደት ሥርዓት የያዙት በዚህ መንገድ ነው። በ1893 የወጣው የደኅንነት ሕግ ደግሞ በራሱ የሚቆለፍ መጋጠሚያና በአየር የሚሠራ ፍሬን አስገደደ፤ እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው በሁለት ፉርጎ መካከል ቆሞ በእጁ ሲያያይዝ ጣቱን፣ ሲከፋም ሕይወቱን ያጣ ነበር።

1897–1916፦ ሾን ብረቱን አጠፈው

ቻርልስ ሾን በፒትስበርግ የፉርጎ ክፍሎችን ከብረት ላሜራ በከባድ መጭመቂያ እያጠፈ የሚሠራ ባለ ፋብሪካ ነበር። ክፍሎቹን በዚህ መንገድ መሥራት ከተቻለ ሙሉ ፉርጎ የማይሠራበት ምክንያት አልታየውም። ዕድሉን የሰጠው የብረቱ ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ነው። ካርኔጊ ከኢሪ ሐይቅ የብረት ማዕድን ወደ ፒትስበርግ የሚያመላልስ የራሱ ባቡር ነበረው፤ ብረት የሚሸጥ ሰው ደግሞ የብረት ፉርጎ እንዲስፋፋ የሚጠላበት ምክንያት የለም። በ1897 ለሾን 600 የብረት ሆፐሮች ታዘዙ። እያንዳንዱ 50 ቶን ይጭናል። የእንጨቱ ዘመን ያኔ አበቃለት።

በ1899 የሾን ድርጅት የተጠቃለለበት ፕረስድ ስቲል ካር ኩባንያ ግዙፍ ሆነ። ግዝፈቱ ዋጋ ነበረው። በ1909 በማኪስ ሮክስ ፋብሪካው ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኛ ሠራተኞች በደመወዝና በአያያዝ ተማርረው ሥራ አቆሙ፤ በተነሣው ግጭት ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። የዚያን ዘመን ሆፐር በጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይህንንም ቢያውቅ አይከፋም።

የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ከ1904 ጀምሮ «ጂ ኤል ኤ» የሚለውን ክፍል በአሥር ሺዎች አሠራ፤ ቀጥሎም አራት የማራገፊያ ሆድ ያለውን «ኤች 21»። የሆዶቹ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከሰል እንዲንሸራተት ወለሉ በደንብ መዘቅዘቅ አለበት። ረጅም ፉርጎ ሁለት ሆድ ብቻ ካለው ዘቅዛቃው ወለል የመጫኛውን ቦታ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ይደረግለታል። በኋላ የባቡር ኩባንያዎች ማኅበር ያወጣው መለያም ይህንኑ ይዟል፦ «ኤች ኤም» ሁለት ሆድ ያለው ነው፣ «ኤች ቲ» ሦስትና ከዚያ በላይ።

1917–1920፦ መንግሥት ፉርጎ አዘዘ

በ1917 መጨረሻ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገብታ ነበር። ጭነቱ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ወደቦች ተግተለተለ፤ የሚያራግፍ ጠፍቶ የተጫኑ ፉርጎዎች በየጣቢያው ተገተሩ፣ ባዶ ፉርጎ ወደ ማዕድኑ አልመለስ አለ። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ከተሞች ከሰል አጡ። በታኅሣሥ መጨረሻ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የባቡር መስመሮቹን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረጉ። በጥር 1918 የነዳጅ አስተዳዳሪው ሃሪ ጋርፊልድ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉ ፋብሪካዎች ለአምስት ቀን እንዲዘጉ አዘዙ።

አዲሱ የባቡር አስተዳደር እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ፉርጎ መንደፉን ትቶ በአንድ ንድፍ እንዲሠራ ወሰነ። ከተመረጡት ንድፎች አንዱ ባለ 55 ቶኑ፣ ባለ ሁለት ሆዱ ሆፐር ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ የብረት ጎድኖቹ ከውጭ የሚታዩ፣ በውስጥ 30 ጫማ የሚረዝም። 22,000 ያህል ተሠርቶ ለብዙ ኩባንያዎች ተከፋፈለ። መስመሮቹ በመጋቢት 1920 ለባለቤቶቻቸው ከተመለሱ በኋላም ኩባንያዎቹ ንድፉን እየቀዱ ማሠራታቸውን ቀጠሉ። በእኔ ግምት ለሞዴል ሠሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ አንድ ቅርጽ ይዞ በርካታ የኩባንያ ስም ቢጽፍበት አይሳሳትም።

1921–1945፦ የተገፋው ጎንና ሰማያዊው ከሰል

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ በዚያው ርዝመት እንዴት ብዙ ይጫን የሚል ነበር። በ1930ዎቹ የባቡር ኩባንያዎች ማኅበር ያጸደቀው ንድፍ ጎድኖቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ላሜራውን ወደ ውጭ ገፋው። ፉርጎው ሰፋ፣ ጎኑም ለስላሳ ሆነ። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ ከሰል ግን ድኝ አለው። በውስጥ ጎድኖቹ ዙሪያ የሚቀረው እርጥብ የከሰል ደቃቅ ብረቱን በላው። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ጎድኑን መልሰው ወደ ውጭ አወጡት። የተገፋ ጎን ያለው ሆፐር በብዛት የሚገኝ ባቡር ያየ ሰው ዘመኑን ከነዚህ አሥርታት ብዙ አያርቅም።

የፔንሲልቬንያው ጠንካራ ከሰል፣ አንትራሳይት፣ በዚያን ጊዜ የቤት ማሞቂያ ገበያውን ለዘይትና ለጋዝ እያስረከበ ነበር። ግሌን ኦልደን የተባለው ኩባንያ ገዢ እንዲለየው ከሰሉን ሰማያዊ ቀለም እየረጨ ሸጠ፤ «ብሉ ኮል» ብሎም ሰየመው፤ «ዘ ሻዶው» የተባለውን ታዋቂ የሬዲዮ ድራማም በማስታወቂያ ደገፈ። እንግዲህ በሞዴል ባቡር ላይ ሰማያዊ ከሰል ያየ ሰው ከመሳቁ በፊት ዓመቱንና ቦታውን ይጠይቅ።

ትንሹ ባቡር ራሱ እስከዚህ ድረስ መጫወቻ ነበር። የጀርመኑ ሜርክሊን በ1891፣ የኒው ዮርኩ ላዮኔል ደግሞ በ1900 አካባቢ ገበያውን ከፈቱ። ላዮኔል በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሰል የሚያነሣና የሚያራግፍ የኤሌክትሪክ ማሽን ሸጧል፤ ልጆች ወደዱት፤ ፉርጎው ግን የየትኛው ኩባንያ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። መጠየቅ የተጀመረው አዋቂዎች ሲገቡበት ነው። በጥር 1934 አል ካልምባክ በሚልዋኪ «ሞዴል ሬይልሮደር» መጽሔትን አወጣ፤ በ1935 በዚያው ከተማ የሞዴል ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። የሐዲድና የጎማ ልክ አንድ ሆነ። «ኤች ኦ» የሚባለው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰው መጠን እየገነነ መጣ።

1946–1959፦ ፕላስቲክ

ከጦርነቱ በኋላ ፕላስቲክ ዋጋውን አወረደው። የካሊፎርኒያው አታርንና መሰሎቹ በአንድ ምሽት የሚገጣጠም ፉርጎ በሣጥን አቀረቡ። በዚህ ሥራ ውድ የሚሆነው የብረት ቅርጽ ማውጫው ነው፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ሆፐሩን በሺህ ማባዛት ርካሽ ነው። ስለዚህ አንዱ አካል የብዙ ኩባንያዎች ቀለምና ስም እየተቀባ ወጣ፤ ያ ኩባንያ እንዲህ ያለ ፉርጎ ኖሮት ያውቅ እንደሆነ የሚያጣራ ጥቂት ነበር። ጭነቱም ከፉርጎው ጋር በሣጥን የሚመጣ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ጉብታ ነው። ሞዴል ሠሪዎች የሆፐርን ልዩነት ለማየት የዘገዩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ስሙ ትክክል ሲሆን ዓይን ቅርጹን መጠየቅ ይተዋል።

በትልቁ ሐዲድ ላይ የከሰል ንጉሥ የነበረው ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ነው። ጭነቱ ከሰል፣ ነዳጁም ከሰል በመሆኑ ሌሎቹ ወደ ናፍጣ ሲዞሩ እሱ እስከ 1960 በእንፋሎት ቆየ። ፎቶ አንሺው ዊንስተን ሊንክ ከ1955 ጀምሮ በሌሊት ያነሣቸው ሥዕሎች የዚህን መስመር የመጨረሻ ዓመታት አስቀርተዋል።

1960–1979፦ ቧንቧው ያስደነገጠው

በ1957 በኦሃዮ ከሰል ተፈጭቶ ከውኃ ጋር በቧንቧ ወደ ክሊቭላንድ የኃይል ማመንጫ መላክ ተጀመረ። 174 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቧንቧ ፉርጎ አይፈልግም፣ ፍሬን ሠራተኛ አይፈልግም። የባቡር ኩባንያዎች ደነገጡ። መልሳቸው ከአንድ ማዕድን ወደ አንድ ማመንጫ ሳይበታተን የሚመላለስ ሙሉ የከሰል ባቡርና የወረደ ታሪፍ ነበር። በ1963 ቧንቧው ሥራ አቆመ።

ድሉ ግን ሆፐሩን ራሱን ጎዳው። ሙሉ ባቡር የሚቀበል ማመንጫ ፉርጎውን ጨብጦ የሚገለብጥ ማሽን ይተክላል። ፉርጎው ከተገለበጠ የሆድ በር ለምን ያስፈልጋል? ቀስ በቀስ በር የሌለው ረጅም ክፍት ፉርጎ ቦታውን ወሰደ። ከአንድ ጫፉ ያለው መጋጠሚያ ስለሚሽከረከር ሳይፈታ ይገለበጣል፤ ያ ጫፍ በሌላ ቀለም ይቀባል። የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ ድኙ አነስተኛ የሆነውን የዋዮሚንግ ከሰል ተፈላጊ አደረገ። የከሰሉ ማእከል ወደ ምዕራብ ሸሸ።

ሞዴል ሠሪዎቹ የበሰሉት በዚሁ ጊዜ ነው። በዴይተን፣ ኦሃዮ፣ አለን ማክሌላንድ «ቨርጂኒያን ኤንድ ኦሃዮ» የሚል ምናባዊ የአፓላቺያ ከሰል መስመር በምድር ቤቱ ሠራ፤ በ1970ዎቹም በመጽሔት ተነበበ። የእሱ ትምህርት መስመሩ ከምድር ቤቱ ውጭ ካለው የባቡር ዓለም ጋር እንደተያያዘ ተደርጎ ይሠራ የሚል ነበር፤ ከሰሉ ከየት ወጣ፣ ወዴት ይሄዳል? ሌሎችም ማዕድኑን ከግድግዳ በዚህ ወገን፣ ማመንጫውን በዚያ ወገን አስቀምጠው ሐዲዱን ቀዳዳ አሳልፈው አገናኙት፤ ሙሉው ሁልጊዜ ወደ ማመንጫው ይገባል፣ ባዶው ሁልጊዜ ከማመንጫው ይወጣል።

ከ1980 ወዲህ፦ መለየትና መጫን

ሙያው ወደ ዝርዝር ወረደ። የድሮ ፎቶዎችና የባቡር ኩባንያዎች የፉርጎ መዝገቦች እየተመረመሩ፣ አነስተኛ ፋብሪካዎች በሬዚን፣ ትላልቆቹም በተሻለ ፕላስቲክ የየኩባንያውን ሆፐር ለይተው አወጡ። ቦውዘር «ጂ ኤል ኤ»ንና «ኤች 21»ን አቅርቧል።

አንድን ሞዴል ለመለየት መጀመሪያ ስሙን ተወት ማድረግ ይጠቅማል። የጎኑ ጎድኖች ከውጭ ናቸው ወይስ ላሜራው ተገፍቷል? ስንት ጎድን አለ? ከታች ስንት ሆድ ይታያል? ከዚያ በማስመሪያ ይለካል፤ 30 ጫማ በኤች ኦ 105 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬኑም ይመሰክራል፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት «ኤ ቢ» የሚባለውን ይይዛሉ፣ አሮጌው «ኬ» ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መሻገር ተከለከለ። ፊደላቱ የሚነበቡት በመጨረሻ ነው፤ ከቅርጹ ጋር ካልተስማሙ የሚታመነው ቅርጹ ነው።

ከሰሉ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ክፍል ነው። ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር በኤች ኦ ፉርጎ ላይ ሲቀመጥ በእውነተኛው ዓለም 70 ሴንቲ ሜትር ቋጥኝ ነው። ትልቁ የቤት ከሰል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ በዚህ መጠን ከሁለት ሚሊ ሜትር ያንሳል። አንትራሳይት ደግሞ በወንፊት እየተለየ በእንቁላል፣ በለውዝ፣ በአተር፣ በሩዝ ስም ይሸጥ ነበር፤ አተሩ በሞዴል ደቃቅ አሸዋ ነው። ከጥቁር ቀለም ሁሉ የሚሻለው እውነተኛው ከሰል ራሱ ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ መሰባበር፣ በሁለት ወንፊት ማሳለፍ፣ ከላይ የቀረውን ሸካራና ከታች የወረደውን አቧራ መተው። አቧራው በጣም ስለሚበን አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ጭነቱ ተነቃይ እንዲሆን ፎም በፉርጎው ውስጥ ልክ ይቆረጣል፣ ጥቁር ይቀባል፣ በሆዱ የብረት ቀለበት ይቀበርበታል፤ ማግኔት ከላይ ሲጠጋ ጭነቱ ተነሥቶ ይወጣል። በላዩ ነጭ ኮላ ይለቀለቃል፣ ከሰሉ ይነሰነሳል፤ ቀጥሎ በውኃ የቀጠነ ኮላ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት በነጠብጣብ ይፈስሳል። ሳሙናው ከሌለ ኮላው እየተንከባለለ ከሰሉን ይገፋዋል።

የክምሩን ቅርጽ ግን ዘመኑ ይወስናል። በድሮው ማዕድን ፉርጎው በፍሬን እየተያዘ ከአፈሳሹ ሥር ቀስ ብሎ ይወርድ ስለነበር ክምሩ ተከታታይ ጉብታ አለው፤ መካከሉ ከፍ፣ ዳሩ ከፉርጎው ከንፈር ዝቅ ይላል። ዛሬ ባቡሩ ሳይቆም ከግዙፍ ጎተራ ሥር ያልፋል፤ አፈሳሹ ከላይ ስለሚደመድመው ክምሩ ጠፍጣፋና እኩል ነው፣ አቧራው እንዳይነሣም ማጣበቂያ ይረጭበታል። የ1948 ሆፐር ላይ የተስተካከለ ጠፍጣፋ ክምር ማድረግ ስሕተት ነው፤ የዋዮሚንግ ባቡር ላይ ጉብታ ማድረግም እንዲሁ።

የአሜሪካ የከሰል ምርት በ2008 ከ1.1 ቢሊዮን ቶን አልፎ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በ2020 ከዚያ ከግማሽ በታች ወርዷል። ያም ሆኖ በሜሪላንድና በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ታሪክ በቅርብ ታገኙታላችሁ። በባልቲሞር ፕራት ጎዳና ላይ ያለው የባቡር ሙዚየም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ ክብ የብረት ከሰል ፉርጎ አለው። በሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ የሚያልፈው የጭነት ባቡርም የድሮው የባልቲሞርና ኦሃዮ መስመር ላይ ነው የሚሄደው። ከሰል የጫነ ካጋጠማችሁ ጎድኑን ቁጠሩ፣ ከታች በር እንዳለው እዩ፤ በጎኑ «ቢ ኤል ቲ» ከሚሉት ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ያለው ወርና ዓመት ፉርጎው የተሠራበት ነው።